ለሽምግልና የመጡ ለቀስተኞች

በእኛ አገር መርዶ ማታ አይነገርም። የሞት ወሬ አመሻሹ ላይ ቢደርስ እንኳ ጎረቤት ዋጥ ያደርገዋል። የሞተበት ሰው ራቱን ይብላ፣ ጋደም ይበል፣ አንዲት ደህና ሌሊት ትጨመርለት ተብሎ ይታለፋል። ያን ዕለት ማታ አንዷ ጎረቤት ወጥ ይዛ ትመጣና "ብዪ እንጂ፣ ምነው ጉርሻሽ አነሰ" እያለች እስክትጠግቢ ድረስ ካጠገብሽ አትነሣም። ሊነጋጋ ሲል፣ የሱብሂ ሶላት አብቅቶ ሰማዩ ገና አመድ መስሎ ሳለ፣ ሽማግሎች ተጠራርተው ደጅ ይቆማሉ። ሴቶቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ካጥሩ ሥር ይሰበሰባሉ። ከዚያ አንዱ በሩን ይመታል።

ደግ ልማድ ነው። ሐዘን ሰውን በባዶ ሆዱ እንዳያገኘው ያሰቡ ሰዎች ያቆዩልን ነው። እኔን ግን ይኸው ደግነት ሦስት ዓመት ሙሉ ሲበላኝ ኖሯል። መርዶዬ ያልተነገረኝ ሴት ነበርኩና እያንዳንዱ ንጋት የእኔ ሊሆን ይችል ነበር።

ባሌ የጠፋው በጦርነቱ ጊዜ ነው። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ወደ መርሳ ሲቀርብ ከተማው እንዳለ ወደ ደሴ ነቀለ። እኔም ልጄን አስከትዬ፣ አንድ ፌስታል ልብስና ትንሽ በሶ ይዤ በእግሬ ወጣሁ። እሱ ቀረ። እናቱ እግራቸውን ከያዛቸው ቆይቷል፤ ካልጋ የሚወርዱት በሰው ትከሻ ነው። "እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እማን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ" አለኝ። ዛሬ ሳስበው ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ያን ጊዜ ግን ተናደድኩበት። አንዲት ልጃችንን ለእኔ ብቻ ጥሎ ለእናቱ ያደላ መሰለኝ። "እንግዲያ ከእናትህ ጋር ኑራ" ብዬው፣ ዞር ብዬ ሳላየው መንገድ ጀመርኩ። ደህና ሁን እንኳ አላልኩትም።

ስንመለስ በራችን ተገንጥሎ፣ የጣሪያችን ቆርቆሮ ወንፊት ሆኖ አገኘነው። አማቴ ግን በሕይወት ነበሩ። ጎረቤቴ ቤት፣ በእሷ መደብ ላይ ተኝተው። ይህች ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ ልጅም ባልም የላት። "እኔን ብቸኛዋን ማን ምን ያደርገኛል" ብላ ከተማውን ሳትለቅ የቀረች ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ከሥጋ በቀር ማዕዳችን አንድ ነው። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። እህል ሲያልቅባቸው ባሌ አንድ ጠዋት ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፎ በብብቱ ያዘና "ግራና ወንድሜ ዘንድ ደርሼ እመለሳለሁ፣ እማን አደራ" ብሏት ወጣ። ግራና ሩቅ አይደለም። በገበያ ቀን ሴቶች ሽንኩርት ተሸክመው የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ወንድሙ ግን አላየውም። ከመርሳ ወጥቶ ግራና ሳይደርስ፣ ሁላችን ድንጋዩን በምናውቀው መንገድ ላይ፣ ሰውዬው ከዓለም ጎደለ።

ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ወልድያ ፎቶውን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ሐራ ገበያ ድረስ ተመላለስኩ። "እንዲህ የሚመስል ሰው አይቻለሁ" ያለኝን ሁሉ ተከተልኩ። አንዱ መኪና ላይ አየሁት ይላል፣ ሌላው ተራራ ሲወጣ። ሰው እኮ ሊያጽናናሽ ሲል ይዋሻል። ሞቷል የሚለኝ ግን አንድ እንኳ አልተገኘም። ያየ ከሌለ መርዶ የለም፣ መርዶ ከሌለ ለቅሶ የለም፣ ለቅሶ ካልተለቀሰ ደግሞ ሰውዬው አልሞተም። እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። ሚስትም አልባልም፣ ባሏ የሞተባትም አልባልም።

ኑሮ መቼም አይቆምም። መርሳ አውቶቡሶቹ ቆም በሚሉበት ቦታ ፓፓያና ማንጎ በሳፋ ይዤ እሸጣለሁ። ሥራዬ ቀና ብሎ የሰው ፊት ማየት ነው፤ ፊት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የባሰ ሥራ የለም። አንድ ቀን በአንዱ አውቶቡስ መስኮት የእሱን ማጅራት አየሁ። እንዲያ ሦስት ጊዜ የተጣጠፈ፣ እኔ ስንት ጊዜ ያሸሁት ማጅራት። አውቶቡሱ ተነሣ። ሳፋዬን እንደያዝኩ እየሮጥኩ መስታወቱን መታሁት፤ ማንጎው አስፋልት ላይ ተበተነ። ሰውዬው ዞር ሲል ወጣት ነው፣ ፊቱም ጥቁር ነው፣ በምንም አይገናኙም። ተሳፋሪው ሣቀ። አንዲት ሴት "ገበያ እንዲህ ነው እንጂ" አለች። እኔም ሣቅሁ። ተንበርክኬም ማንጎዬን ለቀምኩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አማቴ አሉ። እኔና እሳቸው ስለ እሱ አናወራም። ምግብ ሲቀርብ "ለሱ አስቀሪለት" ይላሉ፤ አስቀርለታለሁ። ጠዋት ጠዋት ያንን ያደረ ምግብ የምበላው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ይህን ያውቃሉ፣ እኔም ማወቃቸውን አውቃለሁ። ከአዛኑ በኋላ በሩ ቋ ካለ ከመደባቸው ላይ "ማነው?" ይላሉ።

"ነፋስ ነው እማ" እላለሁ።

"እስቲ ተነሥተሽ እዪው።"

አልነሣም። ትንፋሼን ይዤ እንደ ሬሳ ቀጥ ብዬ እተኛለሁ። ደጅ የሽማግሎች ሳል የምሰማ ይመስለኛል። ከዘራ ጠጠር ላይ ሲያርፍ የምሰማ ይመስለኛል። ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ሲገባና መሬቱ ላይ እንደ ሽልንግ ሲበተን፣ "ዛሬም አልመጡም" ብዬ እነሣለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ።

እንግዲህ ያ ማለዳ የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ልጄ ወልድያ ትማር ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ያን ሳምንት በሐሙስ መጣች። ምነው ስላት "ናፍቃችሁኝ" አለችኝ፤ ዓይኗ ግን መሬት መሬት ያያል። ከሰዓት ደጁን ጠረገች፣ ውኃ ረጨች፣ ጓዳውን ሳይቀር አጸዳች። አመሻሽ ላይ እትዬ የጾም ሽሮዋን ይዛ ከች አለች።

"ብዪ እስቲ፣ ከስተሻል" አለችኝ።

"እትዬ፣ አሁን በላሁ እኮ።"

"ጨምሪ። ነገ የሚሆነውን ማን ያውቃል?" አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከልጄ ጋር ተያዩ። "ደግሞ ዛሬ በጊዜ ተኚ። ነገም ወደ አስፋልት አትውጪ፤ ገበያው ይቅርብሽ።"

ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሽሮው፣ የተጠረገው ደጅ፣ የልጄ በሐሙስ መምጣት፣ በጊዜ ተኚ መባሌ። እንኳን እኔ ሕፃን ልጅ ይገባዋል። ግን ልጠይቅ አልቻልኩም፤ ማታ አይጠየቅም። እትዬ እስክትሄድ ጠበቅሁና ተኛሁ። መተኛት ከተባለ።

አዛን ተባለ። ሱብሂን ሰግጄ ከመስገጃው ሳልነሣ ከዘራ ጠጠር ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ይህኛው እውነት ነበር። በሩ ሦስት ጊዜ ተመታ።

"ማነው?" አሉ አማቴ።

ነፋስ ነው ለማለት አፌ እምቢ አለ። ተነሥቼ ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ተደርድረው ቆመዋል። የማላውቃቸው ናቸው። ትልቅየው ከዘራቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። ለከባድ ጉዳይ ነው የመጣን።"

ከዚያ ወዲያ ያሉትን አልሰማሁም። ጮህኩ። የእኔ ድምፅ አልመሰለኝም፤ ከመሬት ውስጥ የወጣ ነው የመሰለኝ። ደጁ ላይ ተደፋሁ። "ከእናትህ ጋር ኑር ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ዞሬ ያላየሁህ እኔ ነኝ" እያልኩ መሬቱን በመዳፌ እመታለሁ። በዚያ ሰዓት ከእኛ ቤት ጩኸት ሲነሣ ሰፈሩ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ሁሉም ሦስት ዓመት ቋጥሮት የኖረ ነገር ነው። ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ሞሉት። ወንዶቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ለቅሶው ውስጥ ገቡ። አጎዛ ተነጠፈ፣ ሰሌን መጣ።

ለካ ሽማግሎቹ ከወልድያ በሌሊት ሚኒባስ ተነሥተው የመጡት ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ኖሯል። ወልድያ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ ወድዷት፣ እሷም ወድዳው፣ ሽማግሌ እንዲልክ ተነጋግረው ነው። እትዬም ምሥጢሩን ታውቃለች፤ ድንገት ደስ ይበላት ብለው ደብቀውኝ ነው። የሽማግሌ ነገርም በማለዳ ነውና፣ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ ደጁን ይጠኑታል፤ አንገት ደፍቶ መቆምም ወጉ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር የደስታና የሞት መልእክተኛ አመጣጡ አንድ ዓይነት መሆኑን እኔ በዚያን ዕለት ነው ልብ ያልኩት።

ምስኪን ሽማግሎች። ኋላ እትዬ እያስመሰለች ስትነግረኝ ነው ያወቅሁት። ትልቅየው ከአንዱ ለቀስተኛ ወደ ሌላው እየዞሩ "ኧረ እኛ ለደግ ነው የመጣን፣ ኧረ የሞተ የለም" ሲሉ ማን ይስማቸው። አንዲት ሴት ትከሻቸውን ይዛ "አይዞዎት አባባ፣ ይጽኑ፣ ወንድምዎ ነበር?" አለቻቸው። ሁለተኛው ደግሞ ግራ ሲገባቸው እንባቸው መጣና ተቀምጠው አለቀሱ። የራሳቸው ልጅ ትዝ ብሏቸው ነው አሉ።

እትዬ ሰው እየገፋች መጥታ ጆሮዬ ሥር ተደፋች። "እህቴ፣ ስሚኝ። ለልጅሽ የተላኩ ሽማግሎች ናቸው። ማንም አልሞተም።"

"አውቄያለሁ" አልኳት።

አዎን፣ በዚያ ሰዓት አውቄ ነበር። ልጄ አዲስ ቀሚሷን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳያት ሁሉም ገብቶኝ ነበር። ማቆም ግን አልቻልኩም። ማንም አልሞተም ስትለኝ ይብስ አለቀስኩ። የተያዘ ውኃ አንዴ መውጫ ካገኘ ማን ይመልሰዋል?

የሰፈራችን ሼህ መጡ። ኡኡታው ሐራም ነው፣ ዝም በሉ ብለው ሰዉን አረጋጉና "መርዶውን ያመጣው ማነው?" ብለው ጠየቁ።  ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ልጄ ልትናገር አፏን ስትከፍት የወልድያው ትልቅ ሽማግሌ ቀደሟት።

"እኛ ነን" አሉ። "ለሌላ መጥተን ሳናውቅ ነገርናት። አላህ ያናገረን ይሆናል። ለቅሶ ከተነሣ አይመለስም፤ እኛም እንቀመጣለን።"

ከዘራቸውን አጋድመው ከሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ለሽምግልና መጥተው ለቀስተኛ ሆነው ዋሉ። ዱዓ ተደረገ። ሬሳ ለሌለው የሚሰገደው ሶላት ተሰገደለት። ሲሄዱ ትልቅየው "ልጄ፣ ኢዳሽን በሰላም ጨርሺ። የእኛ ጥያቄ ደጅሽ ላይ ተቀምጧል፣ አልተነሣም" አሉኝ።

ባል የሞተባት ሴት ለአራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ ትቀመጣለች፤ ቤቷን ይዛ፣ ጌጥ ሳታደርግ። እኔም ተቀመጥኩ። ሰው ይህን ጊዜ እስር ነው ይለዋል። እኔ ግን ስም ያገኘሁበት ጊዜ ነው። ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። እንቅልፍ ግን ወዲያው አልመጣም። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባሰብኝ። ዓይኔን ስጨፍን ባዶ ማዳበሪያውን በብብቱ ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየኛል። አይናገርም። ቀብራችሁኛል እንዴ የሚል ፊት ነው። ላብ በላብ ሆኜ እነሣና ደጁን አያለሁ፣ ማንም የለም፣ የጤዛ ሽታ ብቻ።

አማቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፉኝ። ለቅሶውን በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው ያሳለፉት። "ምንድነው ጫጫታው?" ብለው ልጄን ጠየቁ። ሽማግሎች ናቸው አለቻቸው። "ለሽማግሌ ማን ያለቅሳል?" አሉ። ምግብ ሲቀርብ አሁንም "ለሱ አስቀሪለት" ይላሉ። አሁን ግን ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፤ እንድሰማ።

ኢዳዬ አለቀ። ሽማግሎቹ እንዳሉት ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ትልቅየው ገና ከአጥሩ ውጭ ሆነው "ለሰርግ ነው፣ ለሰርግ" እያሉ ነው የገቡ። ሣቅሁ። እሺም አልኩ። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ኒካህ ሲታሰር ልጅቱን በአባቷ ቦታ ተቀምጦ የሚድር ወንድ ያስፈልጋል፤ ወሊ ይባላል። አባት ከሌለ የአባት ወንድም ነው። ያ የግራናው አጎቷ ነው። ተጠርቶ መጣና እናቱ ከተኙበት ራስጌ ቁጢጥ አለ።

"እማ፣ ልጅቱን ልዳራት። ይፍቀዱልኝ።"

"አባት እያለ አጎት አይድርም" አሉ።

"እማ፣ ለቅሶው ተለቅሷል እኮ።"

"ለማን ነው የተለቀሰው? ለእኔ ማን ነገረኝ? ደጄን የመታ አለ? የወንድምህ ሚስት ሽማግሌ አይታ ደነገጠች። በድንጋጤ ሰው አይሞትም።"

አጎቷ ተነሥቶ ወጣ። ደጅ ላይ "እኔ እማን ረግጬ በወንድሜ ቦታ አልቀመጥም" አለኝ። እንባ በዓይኑ ሞልቷል። እሱም ያችን የግራና መንገድ ተሸክሟት ነው የሚኖር። "ወጥቼ ልቀበለው ይገባኝ ነበር" ይላል ሁልጊዜ። ማን እንደሚመጣ ሳያውቅ እንዴት ወጥቶ ይቀበላል? ግን ይላል።

ልጄ ሁሉንም ሰምታለች። ዕቃ እያጠበች፣ ቀና ሳትል "እማ፣ ተዪው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ልጁን ንገሩት በቃ። አያቴን እያስለቀስኩ አላገባም። ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ።"

ይህን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች የበር ድምፅ እያዳመጥን አርጅተናል፤ ሦስተኛዋ ልትጨመር ነው። አማቴን አልፌ ላጋባት እችል ነበር። ሼሁም መንገድ አያጡለትም። ግን አሮጊቷ ያሉት እውነት ነው። እኔ በስህተት እንኳ ይሁን መርዶዬን አግኝቻለሁ። ለእሳቸው ግን ማንም ወግ ባለው መንገድ መጥቶ፣ "ልጅዎ ሞቷል" አላላቸውም። ወንድ ልጅ ወልዶ ለቅሶውን ከግድግዳ ጀርባ መስማት ምን ማለት ነው? እኔ የሸሸሁትን ነገር ነው እሳቸው የሚጠይቁት።

እትዬን አማከርኳት። "ማታ ገንፎ እሠራላቸዋለሁ" አለች። በዚህ ተግባባን።

ያን ማታ እትዬ ገንፎውን ራሷ አጎረሰቻቸው። አማቴ በሉ። ደህና አድርገው በሉ። ለእሱ አስቀሪለት አላሉም፤ ልብ ብያለሁ። ልጄ አጠገባቸው ተኛች።

ከአዛን በፊት ተነሥቼ ከራሴ ቤት ወጣሁ። ከሱብሂ በኋላ ሼሁ መጡ፣ የግራናው አጎት እትዬ ቤት አድሮ ነበርና መጣ፣ እትዬ መጣች፣ አምስት ስድስት ጎረቤቶች ከአጥሩ ሥር ቆሙ። በሩን ማን ይምታ ሲባል ሼሁ እጃቸውን አነሡ። "እኔ ልምታው" አልኳቸው። ሴት መትታ አታውቅም፣ ወጉ አይደለም። አዩኝና ወደ ኋላ አሉ።

የገዛ ቤቴ በር ነው። ከውጭ ሲመቱት ድምፁ ሌላ ነው፤ ከውስጥ ሆኜ የምፈራውን ያህል አይከብድም። ቆርቆሮ ነው፣ በጤዛ ቀዝቅዟል። ሦስት ጊዜ መታሁት።

"ማነው?" አሉ አማቴ።

"እኔ ነኝ እማ።"

 "አንቺ ከውጭ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉ። ድምፃቸው ግን ገብቶት ነበር።

ገባን። ሼሁ "እማማ፣ ጠንከር ይበሉ" ብለው ጀመሩ። አማቴ እሳቸውን አላዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸው ቆዳና አጥንት ብቻ ነው።

"እማ፣ ልጅዎ ሞቷል። ለእርስዎ እህል ሊያመጣ ወጥቶ ነው የሞተ። የት እንደወደቀ አላህ ያውቃል። እኛ አላገኘነውም።"

 "ማታ እንዲያ ያበላችሁኝ ለዚህ ኖሯል" አሉ።

"ለዚህ ነው እማ።"

"እንዲህ ነው ደንቡ" አሉና አለቀሱ። ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጥ። እኔም አለቀስኩ፣ ያልኳቸውን ቃል ግን ደግሜ እንድናገር ቢጠይቁኝ እችል ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ሁለተኛ ልጃቸውን ጠርተው ራሱን በእጃቸው ያዙት። "ወንድምህን ተካ። ልጅቱን ዳርልኝ" አሉት።

ኒካሁ ግቢያችን ውስጥ ታሰረ። ወንዶቹ ዳስ ሥር፣ እኛ ሴቶቹ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ። ሼሁ ወሊው ማነው ብለው ጠየቁ። "እኔ ነኝ፣ የአባቷ ወንድም" አለ። "አባቷስ?" አሉ ወጉ ስለሆነ። አጎቷ ወደ መጋረጃው ዞሮ አየ። ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ሙሽራው ልጅ የማያውቀው ሰው ሬሳ ላይ የረገጠ ይመስል ጫማውን ያያል።

"ሞቷል" አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ። ሳላለቅስ። "አጎቷ ይዳራት።"

ሼሁ ቀጠሉ። ልጄ ክርኔን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ ድረስ ጨበጠችኝ።

አሁን ልጄ ወልድያ ነው ያለች። ባሏ ባጃጁን ይዞ ቅዳሜ ያመጣታል፤ አማቴን ተሸክሞ ደጅ ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጣቸው እሱ ነው፤ "ቀስ በል፣ እኔ መንገደኛ አይደለሁም" እያሉ ይሰድቡታል። ሴቶችም ይመጡብኛል። አንዷ ከሐራ ድረስ መጣች፤ ልጇ የት እንደገባ አይታወቅም። ሳፋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ አውቶቡስ እስኪሄድ ጠብቃ "አንቺ እንዴት ጀመርሽው?" አለችኝ። ለቅሶውን ማለቷ ነው። በስህተት ነው ብዬ ብነግራት ታዝናለች ብዬ መጀመሪያ ማንጎ ላጥኩላት። ኋላ ግን ሁሉንም ነገርኳት፣ ሽማግሎቹን፣ ሽሮውን። ሣቀች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እዚያው አስፋልት ዳር አለቀሰች፤ እኔም አላባበልኳት፤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ድኛለሁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እንጃ። የሽማግሎችን ከዘራ መፍራት ትቼዋለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። በአንዱ ንጋት እሱ ራሱ ቢመጣስ? መቃብር የለውም፣ ሬሳውን ያየ የለም፣ ሞቷል ያልኩት እኔ ነኝ፤ በአፌ፣ በሰው ፊት። አንዳንድ ጠዋት ይህን እያሰብኩ ልብሴን ደራርቤ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ። ጭጋጉ ከመርሳ ወንዝ ላይ ይነሣል፤ የግራናው መንገድ በከፊል ይታያል። ቆሜ ምን እንደምለው እለማመዳለሁ። ብዙ ነገር አስቤ ነበር፤ ይቅርታም፣ ቁጣም። አሁን አንድ ነው የቀረኝ። "ቆይ፣ እዚሁ ጠብቀኝ" እለዋለሁ። "እማ ይደነግጣሉ። መጀመሪያ እኔ ገብቼ ልንገራቸው።"